ሰይጣን ያልጠቀሰው ቁጥር

ሰይጣን ዳዊት ያውቃል። ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ የጠቀሰው ከዳዊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ90ኛው መዝሙር፣ በሌሎቹ ከ91ኛው። መላእክት እንደሚጠብቁት፣ እግሩም በድንጋይ እንዳይሰናከል በእጃቸው እንደሚያነሡት የሚናገሩትን ቁጥሮች አወረዳቸውና ዝም አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር እባብን ስለ መርገጥ ነው። እሱን አልነካውም። ለምን እንደ ሆነ ለመገመት ትርጓሜ ቤት መዋል አያስፈልግም፤ በራሱ ላይ የተጻፈውን የሞት ፍርድ ጮክ ብሎ የሚያነብ ወንጀለኛ የለም።

ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ ዳዊት ስደግም ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። መዝሙሩ የሐሙስ ድርሻ ነው። የኔታ ጆሯቸውን የሚያቆሙት በንባቡ ተነሹ ወዳቂ፣ ወዳቂው ተነሽ እንዳይሆንብን ነበር እንጂ ሰይጣን የቱን ጠቅሶ የቱን ዘለለ ለሚለው አልነበረም። ነገሩን ያብሰለሰልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ፣ የብስክሌቴ የፊት ጎማ ኮፐርሄድ የሚባል አንድ እባብ ሊረግጥ አንድ ክንድ ሲቀረው ከቆመ ወዲህ ነው።

ሥራዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ መሐሉ ባዶ ነው፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ቀኑ ሙሉ የእኔ ይሆናል። ስኳር እንዳለብኝ የነገረኝ ሐኪም፣ ስትነዳ ውለህ ሶፋ ላይ አትቀመጥ፣ ተንቀሳቀስ አለኝ። ባህር ዳር ያደገ ወዳጅ አለኝ፤ ባህር ዳር ያደገ ሰው ደግሞ ያለ ብስክሌት መኖር ያመዋል። እዚያ በሜዳው፣ በዘንባባው ሥር፣ ወሬ እያወሩ የሚነዱትን ነገር እዚህ ሥርና ድንጋይ ላይ እንድነዳው ያስለመደኝ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የምንሄደው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ኦኮኳን የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር ወዳለው ፋውንቴንሄድ ፓርክ ነው። ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተሠራ ቀጭን የጫካ መንገድ አለው፤ እንደ ክብደቱ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ተብሎ ይከፈላል። ጥቁሩን ለጎረምሶች ትተናል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉት መርዛማ እባቦች ሦስት ናቸው። ኮተንማውዝ የሚባለው በደቡብ ምሥራቅ ረግረግ የሚኖር ስለ ሆነ እኛ ጋ አይደርስም። ጭራውን አንሿሽቶ የሚያስጠነቅቀውን ራትልስኔክ ለማየት ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች መውጣት ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ጎረቤታችን ኮፐርሄድ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ገላው የረገፈ የኦክ ቅጠል ቀለም አለው፤ በላዩ ላይ መሐላቸው ጠበብ ያለ ጠቆር ያሉ ቡናማ ቅርጾች ይደረደራሉ። ከጎን ሲታይ ኸርሺ ኪስ የሚባለው ቸኮሌት የተሰለፈበት ይመስላል፤ ይህን የነገሩኝ አውቶቡሴ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

የሚያሳስበው ግን ጠባዩ ነው። እዚያው ጫካ ያለው መርዝ የሌለው ጥቁር እባብ ሰው ሲመጣበት አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ኮፐርሄድ መልኩን ተማምኖ ባለበት ድርቅ ይላል። ይህ ዘዴ ከጭልፊት ዓይን ሰውሮታል፤ ከጫማና ከጎማ ግን አያድነውም፤ ያልታየ ይረገጣልና። የተረገጠ ደግሞ ይናደፋል። ጩኸት ይህን ያህል አይሰማውም፤ የሚያውቀው የመሬቱን ንዝረት ነው። በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ባለች ጉድጓድ ሙቀትን ይለያል፤ በጨለማ አይጥ የሚይዘው በእሷ ነው። እንግዲህ እኔ በእሱ ዘንድ የማን ልጅ እንደ ሆንኩ፣ ጾመኛ ልሁን በላተኛ፣ ዳዊት ልድገም ዘፈን ላንጎራጉር፣ ትርጉም የለውም። የምንቀጠቀጥና የምሞቅ ነገር ነኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ ጥሎ ባባራበት ምሽት ነበር። በሞቃት ወራት ኮፐርሄድ የሚንቀሳቀሰው ሲመሽና ሌሊት ነው። ወዳጄ ከፊት ነበር፤ ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረደው። እኔ ከኋላው ስከተል መንገዱን አቋርጦ ከተኛ ሥር ጎን አንድ ቅጠል ከሌሎቹ ቅጠሎች ይልቅ ሥርዓት ያለው ሆኖ ታየኝ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ የፊቱ ቆመ። እባቡ አልተነቃነቀም። ምላሱን እንኳ ያወጣው ቆይቶ ነው። ከአፌ የወጣው «ተመስገን» የሚለው ነበር፤ ሌላ ምን ይወጣል?

ወዳጄ ብስክሌቱን እየገፋ ተመልሶ መጣና አየው። መጀመሪያ ሳቀ። «ዳዊትህ ሠራ!» አለኝ። ቀጥሎ በትር ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ፤ እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል የሚለው የአገራችን ብሂል ከልጅነት ጀምሮ እጃችን ውስጥ አለ። ተው አልኩት። በፓርኩ ውስጥ እንስሳ መግደል ክልክል ነው አልኩት፤ እውነትም ክልክል ነው። ግን ያስቆመኝ ሕጉ አልነበረም። የእሱ ጎማ ከእኔ አስቀድሞ በእባቡ ጭራ አጠገብ አልፏል፤ የጎማው ምልክት እርጥቡ አፈር ላይ ተቀምጧል። ይህ ወዳጄ ዳዊት አይደግምም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ለሠርግና ለፍትሐት ነው። ዳዊቱ ለእኔ ከሠራ ለእሱ የሠራለት ምንድን ነው?

በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አባ በሥራ ቀናት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራሉ፤ የሰዉ ኑዛዜ የሚደርሳቸው በአብዛኛው በስልክ፣ በምሳ ሰዓታቸው ነው። ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝና ጌታ ለሰይጣን የመለሰውን ለእኔ መለሱልኝ። ይህ አምላክን መፈታተን ነው አሉ። እባብ እንዳለበት እያወቅህ ለጨዋታ ትገባለህ፣ ከዚያ ጠብቀኝ ትላለህ። ከእባቡ ይልቅ ይህ ቃል ነደፈኝ ብል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ከሁለቱ ወገን የቱ ጋ እንዳስቀመጡኝ ግልጽ ነውና።

መፈታተን ምን እንደ ሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከቤቴ ወደ ምዕራብ ግማሽ ቀን ቢነዱ የአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ እባብ በእጃቸው ይዘው የሚያመልኩ የጰንጠቆስጤ ምእመናን አሉ። መሠረታቸው በማርቆስ ወንጌል ፍጻሜ ላይ የሚያምኑ ሰዎች እባብ እንደሚይዙ የተነገረው ነው። ልማዱን በሰፊው ያስፋፋው ጆርጅ ዌንት ሄንስሊ የሚባል ሰባኪ ሲሆን በ1910 ገደማ ቴኔሲ ውስጥ ጀመረው ይባላል። ኬንታኪ በ1940፣ ቴኔሲ በ1947 በሕግ ከለከሉት፤ ዌስት ቨርጂኒያ አልከለከለውም። ሄንስሊ ራሱ በ1955 ፍሎሪዳ ውስጥ በአምልኮ ላይ እባብ ነድፎት ሞተ። በእኛም ዘመን፣ በየካቲት 2014፣ በቴሌቪዥን ጭምር ይታወቅ የነበረው የኬንታኪው ፓስተር ጄሚ ኩትስ በአምልኮ ላይ ተነድፎ ሕክምና አልፈልግም ብሎ ቤቱ ሞተ። ዓመቶቹን የቆጠርኩት በፈረንጆቹ ነው።

በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልስቅም፤ ጠበል ገባሁ ብሎ ኪኒኑን የሚያቆም ዘመድ ያለው ሰው በማን ይስቃል? ደግሞም ሞትን ፊት ለፊት አይተው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እኛ በእሑድ ካባችን የማናደርገው ነው። የምለያቸው በአንድ ነገር ነው። እነሱ ዘንድ እባቡ በሣጥን ተይዞ ይመጣል። ሣጥኑ የሚከፈተው መልስ እንዲሰጥ ነው፤ እባቡ ይጠየቃል፣ ሳይነድፍ ሲቀርም መልሱ ተገኘ ይባላል። የሰይጣን ጥያቄም በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ይኸው ነበር፤ ዝለልና ይታይ። እኔ ወደ ፋውንቴንሄድ ስገባ ከእባቡ የምፈልገው መልስ የለም። ባላገኘው ደስ ይለኛል።

ይህን ለአባ ብነግራቸው ይበቃል ብዬ ነበር። ነገር ግን የወዳጄ «ዳዊትህ ሠራ» ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እሱ በሳቅ ይበለው እንጂ በመልካም ልብ የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ የደብራችን እናቶች ሲሰሙ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ «ጸሎትህ ቢሰማ ነው ልጄ»። ይህ ቃል ሌላ ቃል በጉያው ይዟል። የተረፈ ጸሎቱ ከተሰማ፣ የተነደፈው ጸሎቱ አልተሰማም ማለት ነው።

የሐዋርያት ሥራ 28ኛ ምዕራፍ ላይ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ማልታ ደሴት ይወጣል። ዝናብና ብርድ ነው፤ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ይቀበሏቸዋል። ጳውሎስ ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር ሙቀቱ ያስወጣው እፉኝት እጁን ይይዘዋል። ሰዎቹ ወዲያው ፈረዱ፤ ይህ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ከባሕር ቢያመልጥም ፍርድ አላስመለጠውም አሉ። ጳውሎስ እፉኝቱን ወደ እሳቱ አራገፈው። ያብጣል ወይም ድንገት ወድቆ ይሞታል ብለው ጠበቁ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ሐሳባቸውን ለወጡና አምላክ ነው አሉት። እኔን የሚገርመኝ ሉቃስ ይህን ሲጽፍ ምንም ማብራሪያ አለመጨመሩ ነው። ሁለቱንም ፍርድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ከአንድ ሐሳብ የወጡ ናቸው፤ እባብ የፍርድ ቤት መልእክተኛ ነው ከሚል ሐሳብ። ሲነድፍ ወንጀለኛ፣ ሳይነድፍ ሲቀር ጻድቅ።

እኔ ይህን ሐሳብ አልቀበልም ስል የማስበው ስለ ራሴ አይደለም። የማስበው ከሰፈሬ ወደ ቆላ ስለሚወርዱት ልጆች ነው። በየክረምቱ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ብዙ ወጣት ወደ መተማና ወደ ሁመራ፣ ወደ ሰሊጡና ወደ ማሽላው እርሻ ይወርዳል። አረም ያርማል፣ ኋላም ሰሊጥ ያጭዳል። ማታ ዳስ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሜዳ ላይ፣ መሬት ላይ ይተኛል። እግሩ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ እሱም ካለው። እጁ ሰሊጡ ሥር ይገባል፤ እዚያ ምን እንዳለ የሚያየው ከገባ በኋላ ነው። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክሙ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም በሽታዎች የሚመርጡት ይህንኑ ድሃ ሠራተኛ ነው።

አሁን የእኔን መንገድና የእሱን እርሻ ጎን ለጎን አድርጌ ልያቸው። እኔ ብነደፍ ኪሴ ውስጥ ስልክ አለ፤ 911 እደውላለሁ። ቀለበቴን አወልቃለሁ፣ እጄን ወይም እግሬን ሳላስር፣ ቁስሉን ሳልበጣ፣ በረዶ ሳላደርግ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሆስፒታሉ ፀረ መርዝ አለው፤ ከበግ ደም የሚሠራው ክሮፋብ ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ስለ ሆነ ከእባቡ ይልቅ ደረሰኙ ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ የኮፐርሄድ መርዝ ሰው መግደሉ እጅግ ብርቅ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ7,000 እስከ 8,000 ሰው በመርዛማ እባብ ይነደፋል፣ የሚሞተው አምስት ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል ይላል፤ ችግሩን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባውም በ2017 ነው። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለውን ፀረ መርዝ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አለፈበት። ምክንያቱ ገበያ ነው። የሚነደፈው ሰው መግዛት አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመተማው ልጅ አይጸልይም ነበር? ከእኔ ይበልጥ ይጸልያል። አንገቱ ላይ ክታብ አለ፤ ክታቡ ውስጥ ይኸው 90ኛው መዝሙር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የእኔ መትረፍ ስለ ጽድቄ የሚመሰክር ከሆነ የእሱ መሞት ስለ እሱ ምን ሊመሰክር ነው? እግዚአብሔር በፌርፋክስ ካውንቲ ይሰማል፣ በመተማ አይሰማም የሚል ሃይማኖት ካለ የኩባንያ ሃይማኖት ነው። መላእክቱ የሚጠብቁት ገበያ ያለበትን አገር ነው ማለት ነው።

አንዳንዶች እዚህ ሲደርሱ መዝሙሩን ይተዉታል። እንዲህ ያለ ተስፋ ውሸት ነው፣ አለዚያም ግጥም ነው ይላሉ። እኔ አልተውኩትም፤ ያላስተወኝም ሰይጣን የዘለለው ቁጥር ነው። በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ጌታ መዝሙሩን አልካደም። ለእኔ አልተጻፈም አላለም። ለማስመስከሪያ አልጠቀምበትም ነው ያለው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ በሌላ ከፍታ ላይ ተሰቀለ፣ ከሥሩ የቆሙት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ በሌላ አንደበት ደገሙት፤ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንክ ውረድ አሉት። አልወረደም። እግሩ በድንጋይ አልተሰናከለም፣ በችንካር ተመታ እንጂ። መላእክት በእጃቸው አላነሡትም። አባቶቻችን ያ ያልተጠቀሰው ቁጥር የተፈጸመው እዚያ ነው ይላሉ፤ እባቡ የተረገጠው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ መዝሙሩ የተነገረለት ሰው ያልተነካ ሰው አይደለም። የተነካ፣ የሞተም ሰው ነው። የመተማው ልጅ ወደዚህ መዝሙር ከእኔ ይቀርባል ብዬ ባምን ማን ይፈርድብኛል?

እባቡስ? እባቡ የፍርድ መልእክተኛ ካልሆነ፣ ወዳጄ በትር የፈለገለት በየትኛው ክስ ነው? አያቴ እባብ የገደለ ልጅ ይመረቅ ብላ ትመርቀን ነበር፤ ይህን በረከት በልጅነቴ በደንብ ሰብስቤዋለሁ። ምክንያቱ የዘፍጥረቱ ጠላትነት ነው። ነገር ግን የዘፍጥረቱ እባብ ተናጋሪ ነበር፤ መምህራኖቻችንም ሰይጣን በእባብ ገላ አድሮ ተናገረ ነው የሚሉት። ገድለ አዳም የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ከዚህ ያራዝመዋል። ከእንስሳት ሁሉ ያማረ የነበረው እባብ ከገነት ከወጣ በኋላ በቁጣ አዳምንና ሔዋንን ለመግደል ይነሣል፤ እግዚአብሔርም ያስጥላቸዋል፣ እባቡንም ዲዳ ያደርገዋል፤ ከሰማይ የመጣ ነፋስም አንሥቶ ከባሕር ዳር ይጥለዋል፣ ህንድ አገር ይወድቃል። ህንድ ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም። ዲዳ መሆኑ ግን ይገባኛል። ያ የተናገረው፣ ያ የዋሸው፣ ያ ያታለለው ከዚያ ወዲያ በዚህ ገላ ውስጥ የለም። የቀረው ዲዳ እንስሳ ነው፤ በኖኅ መርከብ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የገባ፣ ከጥፋት ውኃ በኋላም ከሥጋ ለባሽ ሁሉ ጋር ኪዳን የተገባለት። ኢሳይያስ በ11ኛው ምዕራፉ የሰላሙን ተራራ ሲያይ እባቡን ከተራራው አላባረረውም፤ ሕፃን በጉድጓዱ አፍ ሲጫወት ነው ያየው።

የእኛ ሥዕሎችም ይህን ያውቃሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በሠራው በዚያው ብሩሽ ሠዓሊው አቡነ አረጋዊን የእባብ ጭራ ይዘው ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ሲወጡ ይሥላቸዋል። ዛሬ ወንዶች በገመድ የሚወጡበትን ያንን ቀጥ ያለ ገደል ያን ጊዜ ያሻገራቸው እባብ ነው ይላል ገድላቸው፤ ጥቅምት 14 ቀን በየዓመቱ የምናከብረው ይህንን ነው። በአንድ ግድግዳ ላይ አንዱ ይወጋል፣ ሌላው ጻድቅ ይሸከማል። ሰው ሁለቱን አይቶ ግራ የማይጋባው ፊተኛው ሰይጣን፣ ኋለኛው እባብ መሆኑን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ጫካ ውስጥ ያገኘሁት ኋለኛው ነው። እርግጥ አልተሸከመኝም። ወር ቆጥሬ ሳስበው እናት ልትሆንም ትችል ነበር፤ ኮፐርሄድ እንቁላል አይጥልም፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳቸዋል፣ ሲወለዱም የጭራቸው ጫፍ ብጫ ነው፤ እሱን እንደ ትል እያወዛወዙ እንቁራሪት ያታልላሉ። ማታለል ስል ያው የእኛ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ጸበል ጻዲቅ ሲቀመስ፣ አባ አጠገብ ተቀምጬ አወረድኩላቸው። ጣታቸውን ጠርገው ዝም ብለው ሰሙኝ። ሄንስሊን አያውቁትም ነበር፤ ማዘናቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ስለ መተማው ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም የደምቢያ ሰው ናቸው፣ ቆላ ወርዶ ያልተመለሰ ወንድም አላቸው። ስጨርስ ግን እንዲህ አሉኝ፤

«ጳውሎስ ጭራሮ ሲለቅም ነው የተያዘው ልጄ። አንተ ምን ስትለቅም ነው?»

«ስኳሬን አባ» አልኩ። «ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎኛል።»

«አስፋልት ላይ ተራመድ።»

«አስፋልቱ ላይ መኪና አለ አባ። እዚህ አገር መኪና የሚገድለውን ሰው እባብ በመቶ ዓመት አይገድለውም።»

ሳቁ። ጫካው ውስጥ የማገኘው ስኳሬ ብቻ አለመሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቤታቸው ፎቅ ላይ ሆኖ ሰገነቱ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ተክለዋል። ደስታ ለመልቀም መግባት መፈታተን ነው ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ስል ቀደሙኝ። «መቼ መቼ ነው የሚወጡት?» አሉ። ሲመሽ ነው አልኳቸው፣ በተለይ ሞቅ ሲል፣ ከዝናብ በኋላ። አሰቡና ቀኖና ሰጡኝ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ እንዳልገኝ።

«አባ፣ ሐምሌ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።»

«እንግዲያው አንድ ሰዓት ይሁን። ነሐሴ ላይ ግን አሥራ ሁለት።»

«እሺ አባ።»

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያ ከፊትህ የሄደው ልጅ፣ የባህር ዳሩ፣ ንስሐ አባት አለው?»

«የለውም።»

«አምጣው።»